ካንዴላ የሌለው ሞተር

እኔ እኮ የመንፈስና የጥላ ወሬ ሲጀመር ጫማዬን ፈልጌ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ ሀና ምስክሬ ናት፣ እህቷ «ቤታችን ውስጥ ማታ ማታ ኮቴ ይሰማል» ብላ ስትንቀጠቀጥ ሄጄ የማሞቂያውን ቱቦ አጥብቄላት የመጣሁ ነኝ፣ የትም ቦታ ለሚንኳኳ ነገር አንድ የላላ ብሎን አይጠፋም ብዬ አምናለሁ፣ አምን ነበር ልበል እንግዲህ።

መካኒክ ነኝ። እዚህ ቶሮንቶ ሐበሻ መካኒክ መሆንህን ካወቀ አለቀልህ፣ ሳምንቱን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቼ ውዬ ቅዳሜ ደግሞ የአንዱ በረዶ መጥረጊያ፣ የሌላዋ የስፌት መኪና ይጠብቀኛል፣ ወገቤ የሚያርፍበት ቀን የለም። ጋሽ ደምሴ ደግሞ የጀልባ ሞተር ጣጣ አመጡብኝ። እሳቸው በሱዳን በኩል ከመጡት ከድሮዎቹ ናቸው፣ አሁን ዌስተን የሚባለው ሰፈር ልጃቸው ሰናይት ቤት ነው የሚኖሩት፣ ከስደት ጓደኛቸው ከጋሽ ወርቁ ጋር ያገለገለች ሞተር ገዝተው በበጋ ሲምኮ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ጋሽ ወርቁ ሲታመሙ ሞተሯ ሰናይት ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሳ ለዓመታት ቆመች። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ደምሴ፣ «ወርቁ ከሆስፒታል ሲወጣ ሐይቁ ላይ ነው የምወስደው፣ አስነሳልኝ» አሉኝ፣ እምቢ እንዴት ይባላል?

ቅዳሜ ልሠራላቸው ተቃጠርን፣ ዓርብ ጋሽ ወርቁ አረፉ።

የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ፣ መርዶ እንዲሁ በስልክ ዱብ አይደረግም፣ ያውም ልቡ ለደከመ ሽማግሌ። እሑድ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቄሱም ባሉበት ይነገራቸው ተባለ። ሰናይት ስልካቸውን «ላሠራው» ብላ ደበቀችና ኮል አደረገችልኝ።

«ነገ እንዳትቀር» አለችኝ፣ «ከቀረህ ይጠረጥራል። ዶክተሩ ድንገተኛ ነገር እንዳይሰማ ብሏል፣ አባዬን እንዳልቀብረው፣ ፊትህን ጠብቅልኝ።»

ፊትህን ጠብቅ! ሳምንቱን ሙሉ የደከመ ፊት እንዴት ይጠበቃል? ቢሆንም ሄድኩ።

ቀትር አልፏል፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ብርዱ ግን ገና አልወጣም። ጋሽ ደምሴ ካፖርታቸውን ደርበው ጋራዡ በር ላይ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሞተሯን ወፍራም ሳንቃ ላይ አሰርኳትና ጀመርኩ፣ አሮጌው ቤንዚን ሙጫ ሆኗል፣ የማርሽ ዘይቷን ሳወጣው ውኃ ገብቶበት ሻይ በወተት መስሎ ወረደ። እሳት የሚጭሩላትን ሁለቱን ካንዴላዎች ፈታሁ፣ ፒስተኖቹ ደርቀው እንዳይሆን በቀዳዳዎቹ ትንሽ ዘይት ጠብ አደረግሁ፣ ቤንዚን የሚመግባትን ካርቡራቶር ነቅዬ ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ይዤው ሄድኩ። ልብ በሉልኝ፣ ካንዴላ የላትም፣ ካርቡራቶሯ እጄ ላይ ነው፣ ቤንዚን የሚባል ነገር ጋራዡ ውስጥ የለም።

ጋሽ ደምሴ ያወራሉ፣ ስለ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? «ወርቁ እኮ ትዕግሥት የለውም» ይላሉ፣ «ገመዷን ሁለቴ ለባዶ ይስባል፣ ከዚያ ይሰድባታል፣ ከዚያ ነው የምትነሳለት። እኔ ግን አንዴ ስስባት ትነሳለች፣ ይሄ ያናድደዋል!» ብለው ይስቃሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ካርቡራቶር እቦርሻለሁ።

ያኔ ነው ጠቅ ሲል የሰማሁት። የኤርፖርቱ ባቡር በጓሮ ሲያልፍ ጋራዡ ውስጥ ያለው ብሎን ሁሉ ይንኳኳል፣ እሱ ነው አልኩ። ባቡሩ ሄደ፣ ጠቅታው ግን አላቆመም። ዞር ስል የማስነሻው ገመድ እጀታ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል።

«ነክተዋት ነው ጋሽ ደምሴ?»

«እኔ? በምን ጉልበቴ!»

ንፋስ ነው ብዬ እጀታውን ላቆመው ስጠጋ መዳፌ ብረቱ ላይ አረፈ፣ ወይ ጉድ! ትሞቃለች። ዓመታት ያልተነሳች ሞተር፣ በዚያ ብርድ፣ ገና ከምድጃ እንደወረደ ድስት። እጄን ሰብሰብ ሳደርግ ሁለቴ ጉርር ብላ ዝም አለች። ዝምታው ቆየት አለ፣ አንድ ሰው ተሳድቦ የሚጨርስበትን ያህል ቆየ፣ ከዚያ ተነሳች።

እመኑኝ፣ ድምፁ የእሷ ነው፣ ጭሱም ይሸታል። ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም! ክዳኗ ክፍት ነው፣ መዘውሯ ቆሟል፣ ፕሮፔለሯ ቆሟል፣ በካንዴላው ቀዳዳ ያንጠባጠብኩት ዘይት ፊቴ ላይ መረጨት ሲገባው ረግቶ ያበራል። መካኒክ ነኝ ብያችኋለሁ፣ በዚያች ደቂቃ ግን ምንም አልነበርኩም፣ ካቻቢቴ ይዞ የቆመ ግንድ ነበርኩ።

ጋሽ ደምሴ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጆሮው ከከበደ ሰው ጋር እንደሚያወራ ሰው ጎንበስ ብለው አዳመጡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በለሆሳስ አንድ ነገር ተናገሩ፣ አልሰማሁትም። ድምፁ ጠፋ።

ተመልሰው ተቀመጡና፣ «መቼ ነው ያረፈው?» አሉኝ።

«ማን… ማን ጋሽ ደምሴ?»

«ተው ልጄ፣ ደክሞሃል፣ ውሸት ደግሞ አትጨምርበት።»

እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ እሳቸው ናቸው ጀርባዬን መታ መታ ያደረጉኝ።

እሑድ ማለዳ ዘመዶቹና ቄሱ ሲደርሱ በሩን ራሳቸው ከፈቱ፣ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ወንበሮቹን ደርድረው። ሰናይት እኔን ነው ያየችኝ። «ነገርከው አይደል?» አለችኝ፣ ማልኩላት፣ ምን ብዬ ላስረዳት? ሞተሯ ነገረቻቸው ልበል? እስከ ዛሬ ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው። ሀናም ብትሆን «እንቅልፍ አጥተህ ነው» ትለኛለች፣ እውነቷን ይሆናል፣ እንቅልፍስ አጥቻለሁ።

አርባው ወጣ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ሞተሯን ጨርሻታለሁ፣ ካርቡራቶሯ ጸድቷል፣ ዘይቷ ተቀይሯል፣ የውኃ መሳቢያዋ ጎማ አዲስ ነው፣ የቀሯት ሁለት ካንዴላዎች ናቸው። ገዝቻቸዋለሁ፣ መኪናዬ ውስጥ ናቸው፣ እጄ ግን አልታዘዝ አለ፣ ለምን እንደሆነ ራሴም በቅጡ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ደፍሬ፣ «ያን ዕለት ምን ሰምተው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሻያቸውን አስቀመጡ፣ ፊታቸው ላይ ድካም እንጂ ፍርሃት የለም። «ምን ይላል፣ ወርቁ መቼ ይታገሣል! መቼ ነው የምትመጣው አለኝ። ሞተሯ እንዳለቀች እመጣለሁ አልኩት» አሉኝ፣ ቀና ብለውም አዩኝ፣ «ካንዴላው አልመጣም?»

«አልመጣም» አልኳቸው።