ከጎማዬ ያልተለየው

ይህን ፈጥሬ አይደለም የማወራችሁ። ፈጠራ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ደስ ባለኝ።

ስንቶቻችሁ በውስጥ መስመር «የሐይቁን ዙር መንገድ ለምን ከቻናሉ አጠፋኸው?» እያላችሁ ወጥራችሁ ይዛችሁኛል። ዝም ያልኩት ንቄያችሁ አይደለም። ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። እየበላችሁ ከሆነ ምግቡን አስቀምጡና አንብቡ።

እሁድ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል።

ፀሐይ ወጥታለች፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጨለማ ዓይኑን አጭበርብሮት ነው እንዳትሉኝ።

እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፣ የምነዳባቸውን መንገዶች ቻናሌ ላይ እለጥፋለሁ። የሐይቁ ዙር መንገድ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ከቤቴ በር ይነሳል፣ አራት ዳገት ይወጣል፣ ሐይቁን ይዞርና እዚያው ቤቴ በር ላይ ያልቃል። ብቻዬን ስንት ጊዜ እንደነዳሁት ቆጥሬው አላውቅም።

የዚያን ቀን ግን የሚስቴ ወንድም አብሮኝ ነበር። ድንቡሼ ነው የምንለው። ፀጉር አስተካካይ ነው፣ እሱ ግን አናቱ ላይ አንድ ፀጉር የለውም። ሲጠየቅ «እጄን የተለማመድኩት በራሴ ላይ ነው» ይላል።

ንጽሕና ሲወድ ለጉድ ነው። መቀሱን ብቻ ሳይሆን የበር እጀታ ሳይቀር በአልኮል ይጠርጋል። ሰው አፉን ያደረገበትን ብርጭቆ ሞቶም አይነካም። ሐኪሙ «ልብህ አስግቶኛል፣ ከወንበርህ ተነሳና ተንቀሳቀስ» ስላለው ነው ብስክሌት የጀመረው።

ሚስቴ በር ላይ እጄን ያዝ አደረገችና በሹክሹክታ፣

«ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። ጥለኸው እንዳትመጣ።»

«ከጎማዬ አይለይም» አልኳት።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ሁለት ሰው ሲነዳ የኋለኛው ከፊተኛው ጎማ ጥግ ተለጥፎ ነው የሚሄደው፣ ነፋሱን ፊተኛው ይመክትለታል። ፊተኛው ዞሮ አያይም። ዞሮ ካየ መሪውም አብሮት ይዞርና ተያይዞ መውደቅ ነው። ስለዚህ የምንግባባው በእጅ ነው። ውሃ የፈለገ የፊተኛውን ወገብ ይነካዋል፣ ፊተኛውም ኮዳውን ወደ ኋላ ይዘረጋለታል። ፊተኛው ሲደክመው ደግሞ ክርኑን ነቅነቅ ያደርጋል። ቅደመኝ ማለት ነው።

ሦስቱን ዳገት ድንቡሼ እየተነጫነጨ ወጣው።

«ጋሼ፣ ይሄ ዳገት አይደለም፣ ቅጣት ነው!»

ሦስተኛውን ወርደን ሐይቁ ዳር ስንደርስ ውሃው ሞልቶ አስፋልቱን ተሻግሮት አገኘነው። ሃምሳ ሜትር ያህል ይሆናል። አረንጓዴ፣ ወፍራም ውሃ... ላዩ ላይ ሆዳቸው የተነፋ ዓሦች ይንሳፈፋሉ። ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል።

«እኔ እዚህ ውስጥ አልገባም» አለ ድንቡሼ።

«ከጉልበት አያልፍም። አፍህን ዝጋና ንዳ።»

ገባን።

መሃል ላይ ስንደርስ...

«ጋሼ... የሆነ ነገር እግሬን ነካኝ።»

«ሸምበቆ ነው። ንዳ።»

«ሸምበቆ ይይዛል እንዴ?»

ከኋላዬ ውሃው አንድ ጊዜ ተንቦጫረቀ... ከዚያ ጸጥ አለ።

«ድንቡሼ? አለህ?»

መልስ የለም። ግን ከውሃው ስወጣ ትንፋሹን ከጀርባዬ ሰማሁት። አለ ማለት ነው ብዬ አራተኛውን ዳገት ተያያዝኩት።

አራተኛው ጠመዝማዛ ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ጎኑ ገደል ነው።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ሲያማርር የነጋበት ሰው ድምፁን አጥፍቶ ተከትሎኛል።

ቆይቶ ግን ትንፋሹን ልብ አልኩት። የደከመው ሰው ትንፋሽ አይደለም። ጉሮሮው ድረስ ውሃ የሞላው ሰው ዓይነት ነው... ይንቦጫረቃል።

የብስክሌቱ ካቴናም አይሰማም። የሚሰማው የኔ ካቴና ብቻ ነው። ትናንት ዘይት ስለቀባሁለት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ወገቤን ነካኝ።

የእጁ ርጥበት ልብሴን አልፎ ቆዳዬ ላይ ደረሰ። ኮዳዬን ወደ ኋላ ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ። ሲመልስልኝ ኮዳው ሞቆ ነበር። እኔም ጠምቶኝ ነበርና ሳላየው ጠጣሁበት።

የኮዳው አፍ ያዳልጣል። ልሃጭ ነው። ወፍራም፣ ጣፈጥ የሚል... የበሰበሰ ዓሣ ጣዕም ያለው ልሃጭ።

ጥርሴ መሃል የሆነ ነገር ቀረ። በጣቴ ያዝኩና ሳብኩት... ሳብኩት... አላልቅ አለኝ። ከጉሮሮዬ ውስጥ እየተጎተተ ወጣ።

ፀጉር።

ክንድ የሚያህል ረጅም ፀጉር። ጫፉ ላይ የራስ ቆዳ ቁራሽ ተጣብቆበታል።

እዚያው እየነዳሁ መሪዬ ላይ አስመለሰኝ። ያኔ ነው የገባኝ... ድንቡሼ እኮ የሰው ኮዳ አይነካም። የራሱን ሁለት ኮዳ ይዞ ነው የወጣው።

ኩርባው ላይ ስደርስ ቁልቁል ወደ ሐይቁ አየሁ።

ቢጫ ሹራብ ታየኝ። ድንቡሼ ነው። ውሃው መሃል ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ቆሞ፣ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ይጠራኛል።

ትንፋሹ ግን ማጅራቴ ላይ ነበር።

ዞሬ ላየው አልደፈርኩም። ድንቡሼን ትቼው መሄድም አልችልም። ወደ እሱ ለመመለስ ደግሞ ከኋላዬ ያለው ነገር መንገዱን መልቀቅ አለበት። ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም...

ክርኔን ነቀነቅኩ።

ቀደመኝ።

ዓይኔን አስፋልቱ ላይ ተከልኩ። በአጠገቤ ያለፈው ጎማ አልነበረም። እግር ነው። ባዶ እግር። ነጭ፣ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ... በረገጠ ቁጥር ቆዳው እየተላጠ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። የረጨው ውሃ አፌ ውስጥ ገባ። ተፋሁት፣ ደግሜ ተፋሁት፣ ጣዕሙ አልሄድ አለ።

ኩርባውን ታጥፎ ሲጠፋ ብስክሌቴን አዙሬ ቁልቁል በረርኩ።

ድንቡሼ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ክንዱን ይዤ መጀመሪያ በመጣንበት በኩል ከውሃው አወጣሁት።

«ማነው እሱ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አየኸው?»

«ከሥሬ ተነሳ... እኔን ገፍትሮ ጣለኝና ጎማህን ተከትሎ ሄደ። ስጮህ እኮ አትሰማኝም።»

የሱን ብስክሌት ውሃው ውስጥ ተውነው። አንድ የጭነት መኪና መጥቶ መንገዱ መዘጋቱን ሲያይ ሊመለስ አዞረ፣ ሹፌሩን ለምነን ኋላ ላይ ወጣን። ድንቡሼን በሕይወት ይዤው ልገባ ነው ብዬ ትንሽ ተነፈስኩ።

ለካ እሱ የሚያስበው ሌላ ነው።

«ጋሼ... በዚያኛው በኩል መንገዱ የት ነው የሚያልቀው?»

ከአራተኛው ዳገት ወዲያ ቤቴ ድረስ ቁልቁለት ብቻ ነው።

ሚስቴ ጋ ደወልኩ። አታነሳም። ደገምኩ። አታነሳም። ሹፌሩን «ቶሎ በልልን!» እያልኩ የመኪናውን ጣሪያ በቡጢ ደበደብኩት።

ስንደርስ የቤቴ በር ገርበብ ብሏል። የኮሪደሩ ወለል ርሷል።

ሚስቴ ማድ ቤት ቆማ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ሽንኩርት ትከትፋለች። ደህና ናት! ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«ስልክ ለምን አታነሺም?»

«በሽንኩርት እጄ ላንሳው?» አለች ሳትዞር። «ይልቅ አታፍርም? ጀማሪ ቀደመህ አይደል!»

አጠገቤ የቆመው ድንቡሼ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ማ... ማን ቀደመኝ?» አልኳት።

«ወንድሜ ነዋ! ከኋላዬ መጥቶ እቅፍ አድርጎ ሳመኝ። ግን ምን ውስጥ ነው የከተትከው? ሽታው ሊገድለኝ ነበር። ሂድና ታጠብ ብዬ አባረርኩት። ይኸው ትንፍሽ ሳይል ገብቶ እየታጠበ ነው።»

ይህን ብላ ዞረች።

ከጉንጯ እስከ አንገቷ አረንጓዴ ልሃጭ ወርዷል። ልሃጩ ውስጥ ነጫጭ፣ ጥቃቅን ነገሮች ይርመሰመሳሉ። በእጇ ጀርባ እያከከችው ወንድሟን አየችው። ደግማ አየችው። ቢላው ከእጇ ወደቀ።

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲፈስ የነበረው ውሃ ቆመ።

በሩ ትንሽ ተከፈተ።

«ፎጣ አቀብሉኝ» አለ... በድንቡሼ ድምፅ።

በክፍተቱ ነጭ፣ ያበጠ እጅ ወጣና መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቅ ጀመር።