ሲደርሰኝ እከፍላለሁ

ሥርጉትንና ወንዳወቅን ያስተዋወቃቸው በሬ ነው። ሌላው ሰው በሠርግ ቤት ወይም በጥምቀት ሜዳ ይተዋወቃል፤ እነሱ ግን ዓይን ለዓይን የተገጣጠሙት ቦራ ሆዱ ተነፍቶ መሬት ላይ በተዘረረበት ጠዋት ነው። ቦራ የሥርጉት አባት የአቶ እጅጉ በሬ ነው። ወንዳወቅ ደግሞ ማንኩሳ ላይ የሚሠራ ወጣት የከብት ሐኪም።

እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ከበሬው ጋር ሲታገል ሥርጉት ውኃ የሞላ ጆግ ይዛ አጠገቡ ቆመች። ቦራ እፎይ ብሎ ሲነሳ ወንዳወቅ ቀና አለና ሳቀ። ፊቱ ላይ ጭቃ ነበር። እሷም ሳቀች። ከዚያ እጁን ታስታጥበው ጀመር፤ እጁ ጸድቶ ካበቃ በኋላም ውኃውን ማፍሰሷን አልተወችም፤ እሱም በቃኝ አላለም።

«ውኃው አለቀ እኮ» አለ በመጨረሻ።

«ልጨምር?»

«ጨምሪ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቦራ ምንም ሳያመው ብዙ ጊዜ ታከመ። አቶ እጅጉ ነገሩ የሚሰወራቸው ሰው አልነበሩም፤ ዝም ያሉት ልጁን ስለወደዱት ነው። ሥርጉት አሁን መምህርት ናት፤ እናቷ ገና በልጅነቷ ስላረፈች ፀጉሯን እያበጠሩ ትምህርት ቤት ይልኳት የነበሩት እኒሁ አባቷ ናቸው። ዓመት ሲሞላቸው ሁለቱ ልጆች መከሩ፤ ከግንቦት ሚካኤል ቀጥሎ ባለው እሁድ የወንዳወቅ ሽማግሌዎች ወላጆቹ ካሉበት ከቡሬ እንዲመጡ ተቆረጠ።

ሽማግሌ ከመጣ ሠርግ አለ፤ ሠርግ ካለ ድግስ አለ። አቶ እጅጉ እጅ አጠራቸው። ለማንም ሳይናገሩ፣ ልጄን በወግ በማዕረግ ለመዳር ካበቃኸኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብለው ለሚካኤል ተሳሉ።

የግንቦት ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ ተመልሰው ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ስልካቸው ጮኸ። ስልኩን የገዛችላቸው ሥርጉት ናት፤ ኢሜይሉንም ያወጣችላቸው እሷው ነበረች። እስከዚያ ቀን በዚያ አድራሻ የጻፈላቸው ሰው አልነበረም።

«እንኳን ደስ ያለዎት!» ይላል መልእክቱ። «የኢሜይል አድራሻዎ በዓለም አቀፉ ሎተሪ ታላቁን ዕጣ አሸንፏል።» ከሥሩ የገንዘቡ መጠን ተጽፏል፤ ዜሮው መስመሩን ሞልቶታል። ሽልማቱን ለማስለቀቅ ግን የአገልግሎት ክፍያ ቶሎ መላክ አለበት፤ እስከዚያም ምሥጢሩ ለማንም እንዳይነገር።

አቶ እጅጉ መነጽራቸውን አወለቁና አለቀሱ።

«ሥርጉቴ፣ ሰማኝ! በራሱ ቀን ሰማኝ!»

ስለ ስለቱ የነገሯት ያን ጊዜ ነው። ሥርጉት መልእክቱን ስታነብ ልቧ ጠርጥሮ ነበር፤ አባቷ የተሳሉት ለእሷ መሆኑን ስትሰማ ግን ጥርጣሬዋን ሳትነግራቸው ስልኩን መለሰችላቸው።

የተጠየቀው ክፍያ የቦራንና አብሮት የሚጠመደውን በሬ ዋጋ ያህል ነበር። ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፤ እርሻው ገና አልታረሰም። «ሽልማቱ ሲመጣ አራት በሬ እገዛለሁ» አሉ አቶ እጅጉ፤ ያሉትን ሁለቱን ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ገበያ አውጥተው ሊሸጧቸው ወሰኑ። ገንዘብ በስልክ መላክ ስለማይሆንላቸው ወንዳወቅን አስጠሩት።

ወንዳወቅ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «መጣሁ፣ አያ እጅጉ» ብሎ ወጣ። ሥርጉት እስከ አጥሩ ተከተለችው።

«ሌቦች ናቸው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔም ጠርጥሬያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ሲያለቅሱ አላየሃቸውም። ሚካኤል ነው የላከልኝ ብለዋል። ሌባ ነው ብትላቸው እሱን የሰደብህ ነው የሚመስላቸው።» እጁን ያዘችው። «እባክህ፣ እሁድ ይለፍ። ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ ከዚያ ተባብረን እንነግራቸዋለን።»

«በሬዎቹ ቅዳሜ ነው የሚሸጡ።»

ከአጥሩ ወዲያ ቦራ ድርቆሹን ሲያላምጥ ይሰማል።

«አንችን ማጣት እፈራለሁ» አለ ወንዳወቅ። «ግን ዛሬ ዝም ብዬ ባገባሽ፣ በክረምት በሬ ልለምን ብለው ሰው ደጅ ሲቆሙ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

እጁን ለቀቀችው። ያናደዳት ትክክል መሆኑ ነበር።

ወንዳወቅ ተመልሶ ገባ።

«አያ እጅጉ፣ ይቆጡኝ፤ ግን ይስሙኝ። እርስዎ ሎተሪ ቆርጠው አያውቁም፤ ያልገቡበት ዕጣ እንዴት ይወጣልዎታል? ሰጭ ከሆኑስ ምን አስቸኮላቸው? ለሰው አትናገር የሚልም የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው። አብሮኝ የተማረ ልጅ እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶት ከፈለ። ሲከፍል ሌላ አምጣ፣ ያን ሲከፍል ደግሞ ሌላ አምጣ እያሉ ባዶ እጁን ነው ያስቀሩት።»

አቶ እጅጉ ከመደቡ ተነሱ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህን የሰጠኝ ሚካኤል ነው። የሱን ስጦታ ነው ሌባ ያልኸው?»

«አያ እጅጉ፣ እኔ እኮ...»

«በቃ! ሽማግሌዎችህ እንዳይደክሙ። እምነት ለሌለው ሰው የምሰጠው ልጅ የለኝም።»

ወንዳወቅ ሥርጉትን አያት፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ እጅጉ በሬዎቹን እየነዱ ወደ ፍኖተ ሰላም መንገድ ጀመሩ። ሥርጉት ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለቻቸው።

«አንች ደግሞ ወዴት?»

«ቦራን ልሸኘው።»

ብዙ ርቀት ሳይነጋገሩ ሄዱ። ሥርጉት ያን ጭቃ ላይ የተንበረከከ ልጅ እያሰበች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። እሱ ደፍሮ የተናገረውን እሷ አለሳልሳም እንኳ አልተናገረችም። በምን እንደምትጀምር ግራ ገባት፤ መቼም ከዝምታ ይሻላል ብላ አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች።

«አባዬ፣ ጃንጥላውን ዛሬ ነው የሚገዙ?»

«የምን ጃንጥላ?»

«የስለቱን።»

አቶ እጅጉ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «አንች የተማርሽ አይዶለሽም እንዴ? ስለት ሳይደርስ ይከፈላል? ገንዘቡ ሲደርሰኝ ነው እንጅ!»

«ሚካኤል እስከዚያ ይጠብቅዎታል?»

«ምን ማለትሽ ነው? መቼ አስቀድመህ አምጣ ብሎኝ ያውቃል? አንች ስትወለጅ እንኳ የተሳልሁትን ያስገባሁ ክርስትና ከተነሣሽ በኋላ...»

አልጨረሱትም። አለንጋቸውን እንደያዙ መንገዱ መሐል ቆሙ። በሬዎቹ ጥቂት ሄደው መንገድ ዳር ሣር መንጨት ጀመሩ።

አቶ እጅጉ አንድ ዋርካ ሥር ተቀመጡና ስልኩን ሰጧት።

«የምልሽን ጻፊ። ስለ ሽልማቱ እግዜር ይስጥልኝ። ክፍያችሁን ከሱ ላይ ቀንሱና የቀረውን ላኩልኝ። ያ ካልሆነ እንደ ስለት ይሁን፤ ሲደርሰኝ እከፍላለሁ።»

ሥርጉት ጻፈችው። መልሱ አልዘገየም። መቀነስ አይቻልም፤ ክፍያው ዛሬውኑ ካልተላከ ዕጣው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እርስዎም በሕግ ይጠየቃሉ ይላል። ድምፅዋን አውጥታ አነበበችላቸው።

አቶ እጅጉ አለንጋቸውን መሬት ላይ አኖሩና «ሚካኤል ሰው አያዋክብም» አሉ። «ተሞኘሁ፣ ልጄ።»

«ገና ምንም አልሰጧቸውም እኮ፣ አባዬ።»

«ልጁን አባርሬው የለም እንዴ?»

ያኔ ሥርጉት ሁሉንም ነገረቻቸው። እስከ እሁድ ዝም በል ብላ እንደለመነችው፣ እሱ ግን በሬዎቹ ቅዳሜ ነው የሚሸጡ ብሎ እምቢ እንዳላት አልደበቀችም።

«ዝም ቢል አንችን ያገኝ ነበር» አሉ አቶ እጅጉ ቀስ ብለው።

«አዎ።»

«እንደሚያጣሽ እያወቀ ነው የነገረኝ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

አቶ እጅጉ አማተቡ። «ተመስገን! ለካ ሰምቶኛል። የሰማኝ ግን በዚህ በስልኩ አይዶለም።»

መልእክቱን እንድታጠፋው አዘዟት፤ በሬዎቹንም ወደ ቤት መለሷቸው። ሥርጉት መንገዱን ሙሉ አመሰገነች፤ ፈጣሪን፣ አባቷን፣ ከሁሉም በላይ ያን ልጅ። ማታ ስትደውልለት ግን «ይቅር በለኝ፤ አመሰግናለሁ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም።

«በሬዎቹስ?» አለ ወንዳወቅ።

«ቤት ናቸው።»

በረጅሙ ተነፈሰ። ስለ ሽማግሌዎቹ እሱም አላነሳ፣ እሷም አልጠየቀች። የሴት አባት አትምጡ ካለ በኋላ ኑ ብሎ መላክ ወግ አይደለም።

እሁድ ረፋድ ላይ አቶ እጅጉ አዲሱን ጋቢያቸውን ለበሱና «ቡሬ ሰው ልጠይቅ ነው» ብለው ወጡ። ሥርጉት የተማሪ ደብተር እያረመች ዋለች፤ ያረመችውን መልሳ ታርማለች። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ወንዳወቅ ነበር፤ ያንሾካሹካል።

«ሥርጉት፣ አባትሽ እኛ ግቢ ቆመዋል።»

«ምን?»

«እናቴ ወንበር ብታቀርብላቸው እምቢ አሉ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም ነው የሚሉ። እስኪ ስሚያቸው።»

ስልኩን ወደ ግቢው አዞረው። የአባቷ ድምፅ ከሩቅ መጣላት።

«የሴት አባት ሽምግልና እንደማይመጣ አውቃለሁ፣ አያ ሙጬ። የናንተን ሽማግሌዎች ያስቀረሁ እኔ ነኝና ራሴ መጣሁ። ይህ ልጅ ለኔ ብሎ የሚወዳትን ሊያጣ ነበር፤ እኔ ግን ከደጄ መለስሁት። ይቅር በሉኝ። ድግሴ ያለኝን ያህል ነው። ልጃችሁን ለልጄ ስጡኝ።»

ከዚያ የወንዳወቅ እናት ወይዘሮ ገላነሽ እልልታቸውን አቀለጡት። አባቱ አቶ ሙጬ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ተሰማ።

«እኛማ ደስታችን ነው» አሉ። «ወንዳወቅ፣ አንተስ ምን ትላለህ? እኒህ ሰው እንደቆሙ ናቸው እኮ።»

ወንዳወቅ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ሥርጉቴ፣ ምን ልበላቸው?»

ሥርጉት ታለቅስም ትስቅም ነበር።

«ኧረ አንተ! ቁጭ ይበሉ በላቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል!»