የላይኛውን ተጫኚ

«ከኋላሽ! ሸዋረጋ፣ ከኋላሽ ዙሪ!»

ቃልኪዳን ይህን ስትጮህ ከሶፋው ብድግ ብላ ነበር። ሸዋረጋ ጆይስቲኳን ይዛ በመከራ ዞረች፤ ተያይተው በሳቅ ፈረሱ። ከሶፋው ጫፍ ትራስ ታቅፋ የተቀመጠችው ዓይናዲስ ግን አልሳቀችም። ምኑ ያስቃል? ቴሌቪዥኑ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ልጆች በረዶ ላይ ይራወጣሉ፣ በቃ። አንዲት የምትነበብ ቃል እንኳ የለችም። የሚነበብ ከሌለ ደግሞ ዓይናዲስ እዚህ ቤት ምን ሥራ አላት?

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። የቃልኪዳን ወንድም መለሰ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፕሌስቴሽኑን አውቶፓርኮ ሰፈር ያለው ቤታቸው ትቶት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጓደኛሞች ሥርዓት ነበራቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቃልኪዳን ትጫወታለች፤ ዓይናዲስ ከሥር የሚወጣውን እንግሊዝኛ እያነበበች በአማርኛ ታወራላታለች። ጌሙ ዘር ተሸክማ ተራራ ስለምታቋርጥ ልጅ ነው፤ አንድ ሽማግሌ በቅሎውን እየነዳ አብሯት ይሄዳል። የሽማግሌው ስም ለምላስ አልመች ሲላቸው ዓይናዲስ «አያ ሀዳነ» አለችው። በእሷ አፍ አያ ሀዳነ የጃናሞራ ደገኛ ሆኖ ቁጭ አለ። «ምነው ልጄ፣ ደከመሽ እንዴ? ከፊታችን ሸጋ ምንጭ አለ» ሲል ቃልኪዳን መጫወቷን ትታ በሳቅ ትንፈራፈር ነበር። ዓይናዲስን እንደዚያ አፉን ከፍቶ ያዳመጣት ሰው ኖሮ አያውቅም።

ከዚያ መለሰ ለእረፍት መጣና አዲሱን የጌሙን ማሻሻያ ጫነበት፤ ሁለተኛ ጆይስቲክም ይዞ መጥቶ ነበር። መልቲፕሌየር፣ ለሁለት መጫወት! መጀመሪያ የሞከረችው ዓይናዲስ ናት። ጣቶቿ ግን አልታዘዝ አሏት፤ በደቂቃ ሦስቴ ሞተች። «ዓይኑዬ፣ አንቺ እዚያ ጋ ቆመሽ ጠብቂኝ» አለቻት ቃልኪዳን በፍቅር። በፍቅር መሆኑ ነው የባሰው። በሳምንቱ ሸዋረጋ ተጠራች።

ሸዋረጋ ዘንድሮ ከአይከል የመጣች የክፍላቸው ልጅ ናት። ጣቷ ፈጣን፣ ሳቋ ቅርብ። ዓይናዲስ ገና ስታያት አንጀቷ ድብን ይላል። ውሃ ስትጠጣ እንኳ ታናድዳታለች። ቅናት ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን ይባላል! ዓይናዲስ ግን ሌላ ስም አወጣችለት።

«መልቲፕሌየር ጌሙን ገደለው» አለች ትራሱን ጨምቃ።

«ደግሞ ጀመረች» አለች ቃልኪዳን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሳ። «ታሪኩ የት ሄደብሽ? እዚያው ቁጭ ብሏል። በፈለግን ሰዓት እንከፍተዋለን።»

«መቼ ከፈትነው? ግማሽ ላይ ከቆመ ስድስት ሳምንቱ! ደግሞ የምትጫወቱበት ቦታ ያው ነው። አያ ሀዳነ የሞተበት ድልድይ ላይ ወጥታችሁ ትጨፍራላችሁ። ትንሽ አታፍሩም?»

የቃልኪዳን ጣት ቆመ።

«ማነው የሞተው?» አለች ሸዋረጋ።

ቃልኪዳን ጆይስቲኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ነገረቻት። ስለ በቅሎው፣ ስለ ምንጩ፣ ድልድዩ ጋ እግሩ ተሰብሮ ትታው ስለሄደችው ሽማግሌ። «ሦስት ቀን ነው ያለቀስኩት፣ እውነቴን ነው። እማዬ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነበር።»

«ወይኔ! በናታችሁ ከመጀመሪያው እንየው! አንቺ ትጫወቻለሽ፤ እኔና ዓይናዲስ እናነባለን። አባቴ እኮ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ በልጅነቴ መጽሐፍ ሲያስነብበኝ ነው የኖረው።»

ይኸውላችሁ! ዓይናዲስ ታሪኩ ይመለስልኝ ስትል አልነበር? ተመለሰላት። ፊቷ ግን አመድ መሰለ።

«ዛሬ አይሆንም» አለች።

«ምነው?»

«አይሆንም አልኩ!»

ሁለቱ ተያዩ። ደግነቱ የቃልኪዳን እናት እትዬ ወለላ ከጓዳ ተጣሩ። «ቃልኪዳን! ዱቄቱ ተፈጭቷል፣ ከወፍጮ ቤት አምጪልኝ እስቲ።» ማዳበሪያው ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ሸዋረጋ ላግዝሽ ብላ ተነሳች። እየተሳሳቁ ወጡ። ዓይናዲስን ማንም አልጠየቃት። እንኳን ለጌም፣ ለዱቄትም የተመረጠችው ያቺ ናት።

ብቻዋን ስትቀር የደበቀችው ነገር መጥቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

ያኔ ድልድዩ ጋ ሁለት ምርጫ ወጥቶ ነበር። ከሥሩ ቀይ መስመር እያጠረ ይሄዳል፤ ሳያልቅ መምረጥ ነው። ዓይናዲስ አንዱም አልገባትም። «ቶሎ በይ ዓይኑዬ፣ ምንድነው የሚለው?» አለች ቃልኪዳን። አላውቅም ማለት ነበር፤ ይኼው ነው። አፏ እምቢ አላት። «የላይኛውን ተጫኚ» አለች። ዘር የተሸከመችው ልጅም ሽማግሌውን በረዶ ላይ ትታው ሄደች።

ዓይናዲስ ቃሎቹን ደብተሯ ላይ ጽፋ ቤቷ ስትገባ መዝገበ ቃላት ገለጠች። የላይኛው «ትተሽው ሂጂ» ነበር። የታችኛው «አብረሽው ቆዪ»። በማግስቱ ዓይኗ ያበጠውን ቃልኪዳንን «አትጨናነቂ፣ የትኛውንም ብትመርጪ መሞቱ አይቀርም ነበር» አለቻት።

አሁን ሸዋረጋ ልታነበው ነው።

ጆይስቲኩን አነሳች። ጌሙን በሙሉ ማጥፋት ትችላለች። መብራት ሄዶ ተበላሸ ብላ መናገር ነው፤ በዚህ ሳምንት ብቻ አራቴ ሄዷል፣ ማን ይጠረጥራል? መልቲፕሌየሩ የለ፣ ሸዋረጋ የለች፣ ድልድዩም የለ። እርግጠኛ ነሽ ወይ የሚለው ጥያቄ ወጣ። እሱን እንኳ ማንበብ አላቃታትም።

አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆየ። አያ ሀዳነም አብሮ ይጠፋል። አንዴ ገድላዋለች፤ ሁለተኛ ልትገድለው ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ታሪኩን አበላሹት ብላ የጮኸችውስ ማን ሆነችና? ፊቷ ጋለ። ከጥያቄው ወጣችና የድልድዩን ምዕራፍ ፈልጋ ከፈተች።

ልጆቹ ትከሻቸው ዱቄት ለብሶ ተመለሱ።

«ምን ከፍተሽ ነው?» አለች ቃልኪዳን።

«ድልድዩን።» ዓይናዲስ ወደ ጥግ ጠጋ አለችና ዱሮ ስታነብ ትቀመጥበት የነበረውን ከቃልኪዳን አጠገብ ያለውን ቦታ ለቀቀች። «ሸዋረጋ፣ ነይ እዚህ ሁኚ። ጽሑፉ ከዚህ ነው በደንብ የሚታየው።»

ይህን ስትል እንኳ ቅናቱ አልለቀቃትም፤ ሸዋረጋ እዚያ ቦታ ላይ ስትቀመጥ ትራሱን መልሳ ታቀፈች። ቃልኪዳን ጆይስቲኩን ተቀበለች። ሽማግሌው ወደቀ፣ በቅሎው ደነበረ። ሁለቱ ምርጫዎች ወጡ፤ ቀዩ መስመር ማጠር ጀመረ። ሸዋረጋ ለማንበብ ወደፊት ጎንበስ አለች።

«ቆይ፣ እኔ ልናገር» አለች ዓይናዲስ። «የታችኛው ‹አብረሽው ቆዪ› ነው የሚለው። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ዝም ብዬ ነው የላይኛውን ያልኩሽ። መሞቱ አይቀርም ነበር ያልኩሽም ውሸቴን ነው።»

«ታዲያ ከቆየሁ ይድናል?»

«አላውቅም» አለች ዓይናዲስ።

ቃልኪዳን ዞራ አየቻት። ተናዳ ይሁን አዝና አያስታውቅም። ቀዩ መስመር ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ወደ ቴሌቪዥኑ ተመልሳ የታችኛውን ተጫነች።