ያልረጋው የአናናስ ኬክ

ዶኛ ዩፌሚያ በሎይሳ ባሕር ዳርቻ ባለው ኬክ ቤታቸው፣ ከምድጃው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ኮኮናት የሚሰብሩበት መዶሻ በደም ተለውሶ አጠገባቸው ወድቋል። መርማሪ ኖርማ ኬሳዳ አመሻሽ ላይ ስትደርስ፣ ፖሊሶቹ እዚያው ቤት የሚሠራውን መጠጥ ቀማሚ ዊልፍሬዶን በካቴና አስረውት ነበር።

«ምን አገኛችሁበት?»

«ጠዋት ከሟቿ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል።»

«እኔም ጠዋት ከባሌ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ፍቱት።»

ዊልፍሬዶ እጁን እያሻሸ፣ «የተጣላነው ሩም በሚባለው አረቄ ነው» አለ። «ጥሩውን ለኬካቸው ይወስዱና ለኔ መጠጥ ርካሹን ይተዉልኛል። ሁልጊዜ እንጣላለን። ዛሬ ደግሞ ልጬ በረዶ ላይ ያስቀመጥኩት አናናስ ጠፋብኝ። እሳቸው ግን የኔን ነክተው አያውቁም።»

የሟቿ ወንድም ዶን ኦኖፍሬ ከበሩ ላይ አቋረጠው። «ውሸታም ነው። እኔ ዶሚኖ ልጫወት ስወጣ እህቴ ደህና ነበረች። ኬኩን ሠርታ ፍሪጅ ስታስገባ በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህ የቀረው እሱ ብቻ ነው።»

ኖርማ ፍሪጁን ከፍታ ኬኩን አዘነበለችው። ከላይ የፈሰሰበትና መርጋት የነበረበት የኮኮናትና የአናናስ ጄሊ እንደ ሾርባ ተንዠቀዠቀ። የሟቿ ልጅ ኢራይዳ ከሳን ሁዋን እስክትደርስ ጠበቀችና ኬኩን አሳየቻት።

«ይሄን እናትሽ ናቸው የሠሩት?»

«እናቴ እንዲህ ያለውን ለውሻም አትሰጥም። አናናሱን መጀመሪያ በሩም ታፈላዋለች። ጥሬው ጄሊውን አያስረጋውም። በኩርኩም ነው ያስተማረችኝ።»

«ከአጎትሽ ጋርስ እንዴት ነበሩ?»

«መሬቱን ለሆቴል እንሽጥ እያለ ይነዘንዛት ነበር። እኔ ቆሜ አይሸጥም አለችው።»

ኖርማ ሦስቱንም በጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ዶን ኦኖፍሬ፣ እህትዎ ይህን ሲሠሩ አይተዋል?»

«አይቻለሁ አልኩሽ እኮ።»

«በየትኛው ድስት አፈሉት?»

«ምኑን?»

ኢራይዳ ዓይኗን ጨፈነች።

«አናናሱን» አለች ኖርማ። «ድስቶቹ ሁሉ ደርቀው እንደተሰቀሉ ናቸው። ታችኛው የሩም ኬክ ጠዋት እሳቸው የጋገሩት ነው። ላዩን ያፈሰሰው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ያውም በዊልፍሬዶ ጥሬ አናናስ። ይህን ያደረገው ሴትየዋን ከገደለ በኋላ፣ ኬኩን የጨረሱት እሳቸው እንዲመስሉና እሱ ሲወጣ በሕይወት ነበሩ እንዲባል ነው። ሲሠሩ አየሁ ያለኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ ኬክ መሥራት የት አውቄ?»

«ባለማወቅህማ ተያዝክ።» አንቱታውን ጣለችው። «ዕድሜህን ሙሉ ከእጃቸው ስትበላ፣ አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ አልቆምክም።»

ኦኖፍሬ ጥርሱን ነከሰ። «መሬቱ የኔም ነበር። እየለመንኳት ጀርባዋን ሰጥታኝ ኮኮናቷን መስበር ቀጠለች። መዶሻውን ነጠቅኳት።»

ዊልፍሬዶ ሊዘልበት ሲል ኖርማ ደረቱን ይዛ አስቆመችው። ካቴናው ኦኖፍሬ እጅ ላይ ገባ። ውጭ የተሰበሰቡት የዶሚኖ ጓደኞቹ መንገድ ለቀቁለት፤ አንዱም ቀና ብሎ አላየውም።

ኢራይዳ ሁሉንም አስወጥታ በሩን ዘጋች። ወዲያው ድስቶቹ አንድ በአንድ እየተወረወሩ ከግድግዳው ጋር ሲጋጩ ተሰማ። አንድ ፖሊስ ሊገባ ሲራመድ ኖርማ ክንዱን ያዘችው።

«ተዋት» አለች። «ያሻትን ትስበር።»