የፎቶው ግራ ጠርዝ

«እናቴስ?» አሉ እማማ ድንገት። አመልካች ጣታቸው የፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ ቆሟል።

የተማሪ ቡድኖች የድሮ ፎቶ ውድድር የሚታይበት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በወላጆች ጢም ብሏል። ግድግዳው ላይ፣ «አንደኛ» ከሚል ወረቀት ሥር፣ የከተማቸው አደባባይ የዛሬ ስልሳ ዓመት የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል፤ የሰዓት ማማው፣ በረንዳ ያላቸው ሱቆች፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ አውቶቡስ። ፎቶውን ያዋሱት እማማ ናቸው፤ ዓይናቸው እስኪደክም ለሰፈሩ ሁሉ ልብስ ሲሰፉ የኖሩት። የተዋሰችው ደግሞ ጎረቤታቸው፣ የአሥራ አራት ዓመቷ የቡድን መሪ ናት፤ ማዘዝ ስለምትወድ ጓደኞቿ «አለቃ» የሚሏት።

አለቃ ፊቷ ሲግል ተሰማት። ፍሬሙ ጠቧት ነበር። ግራ ጠርዝ ላይ ደግሞ ዘንቢል ያንጠለጠለች አንዲት ሴት ነበረች፤ ስትራመድ ስለተነሳች ፊቷ ደብዝዟል። «ይቺ ፎቶውን ታበላሸዋለች» ብላ ሁለት ጣት ያህል በመቀስ ቆርጣ ጣለች። ቁራጩ ከቆሻሻ ጋር ከተቃጠለ ሳምንት አልፎታል።

«እማማ፣ ሲሰጡኝም እንዲሁ ነበር እኮ» አለች። አፏ ነው የቀደማት።

«እንዲሁ ነበር?»

«አዎ።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። እማማ ግን ጣታቸውን ከመስታወቱ ላይ ቀስ ብለው አነሱ። «ዘንቢል ይዛ ስታልፍ እዚህ ጋ የማያት ይመስለኝ ነበር። ሌላ ፎቶ የላትም፤ እዚህም ውስጥ ፎቶ አንሺው ሳያስበው ነው ያስገባት። ጭንቅላቴ ሄዷል ማለት ነው፣ ልጄ።»

አጠገባቸው የቆመችው ሴት ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘች። «አልነገርኩሽም እማዬ? ባለፈው ቁልፍሽን፣ ዛሬ ደግሞ ይሄን። በቃ፣ ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ። ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም።»

እማማ አልተከራከሩም።

«አለቃ! ነይ እንጂ፣ ሽልማቱን ይዘን ፎቶ እንነሳ!» አሉ የቡድኑ ልጆች። ሄደች። ዓይኗን ሰብራ ፎቶ ተነሳች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእማማ በር ገርበብ ብሎ ነበር። በክፍተቱ አየቻቸው። የኮመዲኖው መሳቢያዎች በሙሉ ወጥተው ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። እማማ ተንበርክከው የአዝራር ቆርቆሮውን፣ የልብስ ልክ የሚጽፉባቸውን ደብተሮች፣ የቆዩ ፖስታዎችን አንድ በአንድ ያራግፋሉ።

አለቃ ወደ ቤቷ ሁለት እርምጃ ሄደች። የሰው አእምሮ ሰርቃ የምትሮጥ መሰላት። ተመልሳ አንኳኳች።

«አንቺ ነሽ? ተጠንቅቀሽ ግቢ፣ ቤቱን ገበያ አድርጌዋለሁ።»

«እማማ፣ አይፈልጉ። እርስዎ አልተሳሳቱም። እናትዎ ነበሩበት። ፍሬሙ ጠቦኝ እኔ ነኝ የቆረጥኳቸው። ከዚያ ደግሞ ዋሸሁዎት።»

እማማ ቆርቆሮውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«ቁራጩስ?»

«ተቃጥሏል።»

እማማ ያወጡትን ፖስታ ወደ መሳቢያው መለሱ። ቢሰድቧት፣ ቢያባርሯት በወደደች። በመጨረሻ፣ «ስትቆርጫት አየሻት?» አሉ።

ይሄ ከሁሉም ከበዳት። «አዎ፣ ቆንጆ ነበሩ» ብትል ማንም አያውቅባትም፤ እማማንም ደስ ይላቸው ይሆናል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላየኋቸውም» አለች። «መቀሱን ብቻ ነበር የማየው።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይዞሽም አላሏት። የአልጋውን ጠርዝ ተደግፈው ተነሱና ስልካቸውን ዘረጉላት።

«ለልጄ ደውዪና ይሄንኑ ንገሪያት። እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

አለቃ ስልኩን ተቀበለች። ቁጥሩን ፈልጋ ደወለች። ሁለቴ ጠራ።

«ሄሎ፣ እማዬ? ምን ሆንሽ ደግሞ?» አለ ከወዲያ የሚቸኩል ድምፅ።

«እሳቸው አይደሉም» አለች አለቃ። «እኔ ነኝ፣ የጎረቤት ልጅ። እባክሽ አትዝጊው፤ ስለ ፎቶው የምነግርሽ አለ።»