ሠላሳ ስምንተኛው መስኮት

የአሮጌው ቤተ መጻሕፍት እድሳት ካለቀ በኋላ የቀረው አቧራው ብቻ ነበር። ግንበኛውም ቀለም ቀቢውም እጁን ታጥቦ ሲሄድ ተራው የአንዲት ወጣት ጽዳት ሠራተኛና የአክስቷ ሆነ፤ የኖራውን ብናኝ ከየመደርደሪያው ማራገፍ፣ የቀለም ጠብታውን ከመስታወቱ በምላጭ መፋቅ።

አንድ ሰው ብቻ አልሄደም፤ መስታወት ገጣሚው።

«ስቱኮው አልደረቀም» ይላል በየቀኑ፣ መስታወቱን ከፍሬሙ ያጣበቀበትን ልጥፍ በአውራ ጣቱ ጫን እያደረገ።

«አንተ በነካኸው ቁጥር እኔ ሁለቴ ልልፋ?»

«ሁለቴ እንዳይሽ ነዋ፣ የአቧራ ጠላት!»

አክስቷ ከወለሉ ቀና ሳትል፣ «ያልደረቀው ስቱኮው ነው ወይስ የሱ ምላስ?» ትላለች። እንደ እናት ያሳደገቻት እሷ ናት፤ በልጅቷ ፊት ላይ የመጣውን ብርሃን ሳታይ አልቀረችም።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ሰውየው ቀዘቀዘ። ሰላምታውም በአንገቱ ብቻ ሆነ።

«ምን አደረግኩህ?»

«ምንም። መልሴን አግኝቻለሁ» ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

የምን መልስ? ኩራት ያዛትና አልጠየቀችም። በማግስቱ የሕንጻው ርክክብ ነው፤ እሱም ሁለት ዓመት ወደሚፈጅ ሥራ ሩቅ ከተማ ይሄዳል። «አምላኬ፣ ጥፋቴን እንኳ አሳየኝ» እያለች ወለሉን ስታሽ ዋለች።

በርክክቡ ጠዋት የመጨረሻውን፣ ሠላሳ ስምንተኛውን መስኮት ልትወለውል ቆመች። በግቢው ውስጥ እሱ ዕቃውን መኪና ላይ ይጭናል። መስታወቱን «እህ» ብላ ተነፈሰችበት።

ከጉሙ ውስጥ ፊደል ወጣ።

«አክስትሽን ላነጋግራት?»

ሐሙስ ዕለት ይህ መስታወት ኖራ ለብሶ ነበር፤ እሱ የስቱኮ ዘይት በነካው ጣቱ ጽፎበት ኖሯል። እሷ ደግሞ ዓይኗ ግቢው ውስጥ እሱን ሲፈልግ፣ ሳታነበው በደረቅ ጨርቅ ጠረገችው፤ አቧራው ሲሄድ የዘይቱ ፊደል ግን ቀርቷል። ዞር ስትል እሱ ከኋላዋ፣ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ለካ መልስ ያለው ይህንን መጥረጓን ነው።

ሹፌሩ የመኪናውን ሞተር አስነሳ።

መስታወቱን በቡጢ ደበደበችው። እሱ ዞረ። እንደገና ተነፈሰችና ከጥያቄው ሥር በጣቷ ጻፈች፦ «አነጋግራት!»

ከውጭ ለሚያየው ፊደሉ ተገልብጧል። ዕድሜውን ከመስታወት ወዲያና ወዲህ ለኖረ ሰው ግን ምኑ ይከብዳል? የያዘውን ሣጥን ጥሎ ሮጠ።

«አንቺ ልጅ! ተረካቢዎቹ ደጅ ደርሰው መስታወቱ ላይ አሻራ?» አክስቷ ጨርቋን ይዛ መጣች። ጥያቄውን አነበበች። መልሱን አነበበች። ከዚያ ጨርቁን ቀስ ብላ ኪሷ ከተተችው፤ የትንፋሿ ጉምም በራሱ ጊዜ ከመስታወቱ ላይ ጠፋ።

እሱ እያለከለከ በሩ ላይ ቆሟል፤ ያ ሁሉ ምላስ ደርቋል።

አክስቷ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ጫማህን አራግፈህ ግባ» አለችው። «ወለሉን ገና አሁን ነው የወለወልነው።»