እሳት ያልነካው ብረት

እነሎሚ ቤት ሸዋረጋ ብረቱን ጣል አድርጋ የተቃጠለ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። ቀጭን ብረት ነው። የጓደኛዋ የሎሚ አባት፣ አንጥረኛው ኢቲቻ፣ ድንጋይ ላይ ሲቀጠቅጡት ቆዩ እንጂ እሳት አላስነኩትም ነበር።

እናቷ አንጥረኛ ቤት እንዳትሄድ ከልክለዋታል። ቤት ስትገባ «ጣትሽን ምን አገኘው?» ሲሏት ፈራች።

«ኢቲቻ መንገድ ላይ አገኙኝ። ብረቱን በዓይናቸው አግለው አስያዙኝ» አለች።

ወሬው በሁለት ቀን ከሸዋረጋ ሰፈር ከየካ እንጦጦ ደረሰ። እዚያ የአንድ ባላባት አዳራሽ ይሠራል፤ የበሩን ብረት የሚሠሩት ኢቲቻ ነበሩ። የአናጺዎቹ አለቃ ገብረማርያም «የቡዳ ብረት በአዳራሹ በር ላይ አይገባም» ብለው ኢቲቻን ከሥራው አስወጧቸው።

በሦስተኛው ቀን ሸዋረጋ ተደብቃ እነሎሚ ቤት ሄደች። ሎሚ ቀና ብላ አላየቻትም። ኢቲቻ ግን አልተቆጡም።

«እሳት ሳይኖር እንዴት ጋለ?» አለቻቸው ሸዋረጋ።

«አብሬው የሠራሁ አንድ ፈረንጅ ነግሮኛል። ብረት ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች አሉ፤ መቼም አያርፉም። ስቀጠቅጣቸው ይብስባቸዋል። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይራወጣል። ሙቀት የምንለው ይህንኑ ነው።»

«ስወረውረውስ? ያኔም ይንቀሳቀሳል፤ ግን አይግልም።»

ኢቲቻ ሳቁ። «ያኔ ሁሉም ባንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። ሙቀት በየፊናቸው ሲራወጡ ነው።»

«ለምን ዋሸሽ?» አለች ሎሚ ድንገት።

ሸዋረጋ ቀጭኑን ብረት አነሳች። «መዶሻውን ያውሱኝ» አለች ኢቲቻን።

የእንጦጦን ዳገት ወጥታ አለቃ ገብረማርያም ፊት ቆመች። «ስለ ኢቲቻ ያወራሁት ውሸት ነው፤ ብረቱን ያጋለው መዶሻ ነው» አለች። ብረቱን ድንጋይ ላይ አጋድማ ክንዷ እስኪዝል ቀጠቀጠችው።

አለቃ ነኩት። «ለብ አለ እንጂ የት ጋለ?»

«የእኔ ክንድ ደካማ ነው። እርስዎ ይሞክሩት።»

መዶሻውን ተቀብለው በኃይል ይወርዱበት ጀመር። አናጺዎቹ ሥራቸውን ትተው ተሰበሰቡ። አለቃ ብረቱን አንስተው ወዲያው ጣሉትና እጃቸውን አራገፉ።

«እኔም ቡዳ ሆንኩ በሉኛ!»

አናጺዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አለቃ ግን መሳቁን ቶሎ ተዉት፤ መዶሻውን አዩት። «በሉ፣ አንዳችሁ ሂዱና ኢቲቻን ጥሩልኝ» አሉ።

«እኔው እጠራቸዋለሁ» አለች ሸዋረጋ። «መጀመሪያ ግን ለእናቴ እውነቱን ልንገራቸው።»